ባባ ያጋ በሁለት ዙር ከሞተችባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ ለጌም ማስተሮች

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ወይም መሰል የጠረጴዛ ጨዋታ የምትመሩ ከሆነ፣ አንድ ቀን የስላቭ ተረት ውስጥ እጃችሁን መክተታችሁ አይቀርም። በዶሮ እግር የቆመ ጎጆ፣ በሙቀጫ እየበረረች በዘነዘና የምትቀዝፍ ባባ ያጋ የምትባል አሮጊት ጠንቋይ፤ ማን ይጠላል? ግን ወረቀት ላይ ያማረው ነገር ጨዋታው ሲጀመር ይበላሻል። ብልሽቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው ነው።

ምልክት፦ ተጫዋቾቹ ፍጡሩን ገና ሲያዩት ሰይፍ ይመዛሉ

መንስኤ፦ ስሙን አምጥታችሁ ደንቡን ትታችሁታል። በሩሲያ ገጠር እምነት እንዲህ ያለ መንፈስ የአንድ ቦታ ባለቤት ነው። ጫካው የሌሺ ነው፣ ወንዙ የቮድያኖይ፣ ቤቱ የዶሞቮይ፣ ባኛ የሚሉት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ደግሞ የባኒክ። ደንቡ ከሌለ ተጫዋቹ የሚያየው የጉልበት ነጥብ የተለጠፈበት ጭራቅ ነው። ታዲያ ምን ያድርግ፣ ይመታዋላ!

መፍትሄ፦ ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ቦታው የማን ነው፣ ምን ያስቆጣዋል፣ ምን ያበርደዋል።

ለጀማሪ ባኒክን እመርጣለሁ፤ ደንቡ ቁልጭ ያለ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አይታጠቡም። ሰው በየተራ ይገባና ሦስተኛው ተራ (አንዳንድ ቦታ አራተኛው) ለእሱ ይተዋል፤ ውሃና ሳሙና ይቀመጥለታል። ቅዱስ ሥዕል ውስጥ አይሰቀልም፣ የአንገት መስቀልም ከበር ይወልቃል። ደንቡን የጣሰ የፈላ ውሃ ይደፋበታል፣ ሲብስም ቆዳው ይገፈፋል።

አሁን ይህን ወደ ጨዋታ አምጡት። ገበሬዎቹ ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚወልዱት ባኛ ውስጥ ነበር፤ ሞቃትና ገለል ያለ ነው። እናቲቱ ብቻዋን አትተውም። እንግዲህ ምጡ ጠንቷል፣ እኩለ ሌሊት ተቃርቧል፣ ካህኑን የሚጫወተው ጓደኛችሁ ደግሞ መስቀሉን አውልቆ ካልገባ አይሆንም። ይዞ ከገባ ባኒክ ይቆጣል፤ አውልቆ ከገባ ጸሎቱ አይሠራም። ማን ሰይፍ ይመዛል? በምን ላይ? አንድ ዳይስ ሳይጣል ጠረጴዛው ጸጥ ይላል።

ሌሺም እንደዚያው ነው። መንገድ ያስታል እንጂ ፊት ለፊት አይገጥምም። ሦስት ጊዜ ያንኑ ጉቶ አሳዩአቸው። ማምለጫው ልብስን ገልብጦ መልበስ፣ ጫማን ግራና ቀኝ ማቀያየር ነው። ይህን አስቀድማ የምትነግራቸው አንዲት እንጉዳይ ለቃሚ ትበቃለች።

ምልክት፦ ኮሼይ አልሞት ብሎ ሁሉም ሰልችቶታል

መንስኤ፦ የሩሲያ ተረቶች ክፉ ገጸ ባሕርይ የሆነውን የኮሼይን አለመሞት እንደ ወፍራም ጥሩር ቆጥራችሁታል። ሞቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ በመርፌ ጫፍ። መርፌው በእንቁላል፣ እንቁላሉ በዳክዬ፣ ዳክዬዋ በጥንቸል ውስጥ ነው። ጥንቸሉ ደግሞ በሣጥን፣ ሣጥኑ በቡያን ደሴት ባለ የኦክ ዛፍ ሥር።

መፍትሄ፦ ውጊያውን ተዉትና ምስጢሩን አሳድዱ። በተረቱ ብዙ ጊዜ ምስጢሩን የምታወጣው እሱ ራሱ የጠለፋት ሴት ናት፤ አቆላምጣ ታናግረዋለች። ይህን ሚና ከተጫዋቾቹ ለአንዱ ስጡ። ሌላው፣ ጀግናው ርቦት ሳለ ሳይገድል ያለፋቸው እንስሳት ኋላ ይደርሱለታል፤ ባሕር ውስጥ የወደቀውን እንቁላል የሚያወጣለት ዓሣ ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ቀን ማንን እንደማሩ በማስታወሻችሁ ያዙ።

ምልክት፦ የአማልክቱ ዝርዝር ማንንም አይስብም

መንስኤ፦ ቤሎቦግ የብርሃን፣ ቼርኖቦግ የጨለማ ብላችሁ አጣምዳችኋል። ቼርኖቦግን የምናውቀው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ምዕራብ ስላቮች ከጻፈው ከጀርመናዊው ቄስ ከሄልሞልድ ነው፤ እሱም ቤሎቦግ የሚባል አልጠቀሰም። ስለ ኪየቭ አማልክት የተጻፈውም ከመነኮሳት እጅ የወጣ ነው፦ የኪየቭ ገዥ ቭላድሚር በ980 የነጎድጓድ አምላክ የፔሩንን ጣዖት አቆመ፣ በ988 ወደ ዲኒፐር ወንዝ አስጣለው።

መፍትሄ፦ ቤተ ክርስቲያን ያላት፣ ግን ምድጃ ሥር ለዶሞቮይ ገንፎ የሚቀመጥባት መንደር ሥሩ። ይበቃል።

ምልክት፦ ባባ ያጋ ወዳጅ ትሁን ጠላት አልለየም

ይሄ እንኳ ብልሽት አይደለም። በአንዱ ተረት ትረዳለች፣ በሌላው ምድጃ ውስጥ ልትከት ትሞክራለች። የሚጎድላችሁ ሥራ ማዘዟ ነው። በአንዱ ተረት ቫሲሊሳ የምትባለውን ልጃገረድ የፖፒ አበባ ጥቃቅን ፍሬ ከአፈር እንድትለይ እስከ ማታ ቀነ ገደብ ሰጥታታለች። በመጨረሻ ጥያቄ ስትፈቅድላት፣ ብዙ ያወቀ ቶሎ ያረጃል ብላ አስጠንቅቃ ነው። ቫሲሊሳም ከግቢው ውጭ ስላየቻቸው ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ፈረሰኞች ብቻ ጠየቀች፤ አሮጊቷም ይህን ወደደችላት። ለተጫዋቾቻችሁ ሦስት ጥያቄ ፍቀዱ። ከቤቱ ውጭ ስላለው በነፃ፣ ከቤቱ ውስጥ ስላለው ለእያንዳንዱ ጥያቄ አሥር ዓመት ዕድሜ። ዋጋውን ግን ከጠየቁ በኋላ ንገሯቸው።