ኦክስጅኑ ሲወርድ፦ አዲሱን ዚዮላይት ከመውቀሳችሁ በፊት

ይህ ጽሑፍ ከአየር ኦክስጅን ለመለየት ናይትሮጅን የሚይዝ አዲስ ቁስ ሠርተው በትንሽ መሣሪያ ለሚሞክሩ ሰዎች ነው። ቁሱ ብዙ ጊዜ ዚዮላይት ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ክሪስታል። ሁለት ዓምድ፣ አንድ ኮምፕረሰር፣ ጥቂት ቫልቭ። አንዱ ዓምድ በግፊት ናይትሮጅን ሲይዝ ሌላው ግፊቱን ለቆ የያዘውን ይተፋል። ፍሳሽ በሳሙና አረፋ መፈተሽንና የኦክስጅን ሴንሰሩን በተራ አየር 20.9 በመቶ ላይ ማስተካከልን ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ችግር፦ የኦክስጅኑ ንጽህና 95 በመቶ ላይ ቆሞ አልጨምር አለ።

ይህ ብልሽት አይደለም። አየር ውስጥ 1 በመቶ ገደማ አርጎን አለ፤ የተለመደው ዚዮላይት ደግሞ አርጎንን ከኦክስጅን አይለይም። ናይትሮጅኑ ሲወጣ አርጎኑም ከኦክስጅኑ ጋር ይከማቻል። 99 ካነበባችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ሴንሰሩን ጠርጥሩ። ብር (ማዕድኑ) የገባባቸው ዚዮላይቶች አርጎንን በመጠኑ ይይዛሉ። ዋጋቸውን ግን ስማቸው ራሱ ይናገራል።

ችግር፦ በደንብ ጀምሮ ቀን በቀን ይወርዳል።

ውሃ ነው። ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ አሥር ሰው ቢጠራኝ ዘጠኙ ጋ ውሃ አገኛለሁ።

ናይትሮጅንን የሚስበው በዚዮላይቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው እንደ ሊቲየም ያለ አዮን ነው። ውሃ ወደዚያው አዮን እጅግ በበለጠ ኃይል ይሳባል። ናይትሮጅን እንግዳ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ተሰናብቶ ይሄዳል። ውሃ ግን ቤቴ ብሎ ይቀመጣል።

አንድ ልጅ የሠራው ቁስ በሳምንት ውስጥ ከ92 ወደ 80 ወረደበት። ክሪስታሉ ፈርሷል ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ቀመር ሲቀያይር ከረመ። ማታ ምን ታደርጋለህ ስለው “ኮምፕረሰሩን አጠፋለሁ” አለኝ። የማስወጫው ቫልቭ መብራት ሲቋረጥ የሚከፈት ዓይነት ነበር። ዓምዱ ሌሊቱን ሙሉ የክፍሉን እርጥብ አየር ሲጠጣ ያድራል ማለት ነው። ቁሱን እንደገና አደረቅን፣ በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ ጨመርን፣ 92ም ተመለሰ። ሁለቱን ወር ግን ማን ይመልስለት?

እኔም አልዳንኩም። ከማድረቂያው በኋላ ያስገባሁት የሲሊኮን ቱቦ ነበር ጉድ የሠራኝ። ሲሊኮን በሳሙና አረፋ ሲፈተሽ ፍሳሽ አያሳይም፣ የውሃ ትነት ግን በግድግዳው ያስገባል። የብረት ቱቦ አድርጉ። የማድረቂያው ሲሊካ ጄል ቀለሙ ተቀይሮ እያየ “ነገ እለውጠዋለሁ” ለሚል ሰው ደግሞ ምክር የለኝም።

ውሃ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ፍሬዎቹን፣ ማለትም ዓምዱን የሞሉትን የቁሱን እንክብሎች፣ ከመግቢያው፣ ከመሃሉና ከመውጫው ለያይታችሁ አውጡ። መዝኑ፣ አድርቁ፣ መልሳችሁ መዝኑ። ብዙ ክብደት ያጣው የመግቢያው ከሆነ እርጥበቱ የመጣው ከአየሩ ጋር ነው። ሦስቱም እኩል ካጡ መጀመሪያውኑ በደንብ አልደረቀም፣ ወይም ሲቀመጥ አየር ገብቶበታል። ለፈጣን ፍተሻ ጥቂት ፍሬ መስታወት ላይ አድርጉና ውሃ ጠብ አድርጉበት። ደረቁ ወዲያው ይሞቃል፤ የጠገበው ዝም ይላል። መዳፋችሁ ላይ ግን አትሞክሩት፣ ያቃጥላል።

መፍትሄው ማሞቅ ነው፣ ግን በእርጋታ። ፍሬውን በስሱ ዘርጉት። ደረቅ ናይትሮጅን እየፈሰሰበት ወይም በቫኪዩም ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ላይ አቆዩት። አብዛኛው ውሃ ከወጣ በኋላ ቀስ እያላችሁ ወደ 350 ውሰዱት። በቀጥታ 400 ላይ አትክተቱ! የታፈነው እንፋሎት ክሪስታሉን ያፈርሰዋል፤ ያኔ መመለሻ የለውም። ከብረታ ብረት አዮኖችና ከካርቦናዊ (ኦርጋኒክ) ሞለኪውሎች የተሠሩትን አዳዲስ ማዕቀፎች (MOF) በዚህ ሙቀት አትሞክሯቸው፣ ብዙዎቹ ይበላሻሉ። የየራሳቸውን ልክ ተከተሉ። ማቀዝቀዙም በደረቅ ጋዝ ይሁን። አድርቆ ክፍል ውስጥ የሚያቀዘቅዝ ሰው የለፋበትን መልሶ እያረጠበ ነው። ፌስታል ውስጥ ማስቀመጥማ አይነሳብኝ።

ችግር፦ የላብራቶሪው ግራፍ ቆንጆ፣ ዓምዱ ግን ሰነፍ።

የለካችሁት ዱቄቱን ነው፤ ዓምድ ውስጥ ያለው ግን ፍሬ ነው። ማጣበቂያው ቀዳዳ ይደፍናል፣ መጫኑም ለስላሳ ቁስ ያደቃል። ፍሬው ትልቅ ከሆነ ደግሞ በጥቂት ሴኮንድ ዙር ውስጥ ናይትሮጅኑ መሃሉ ድረስ አይደርስም። ፍሬውን ራሱን ለኩ፣ መጠኑንም ከ1 ሚሊሜትር በታች አውርዱት። ብዙ መያዙም ብቻውን አይበቃም። በከፍተኛው ግፊት ከያዘው ላይ በዝቅተኛው ግፊት የሚቀርበትን ቀንሱ፤ የሚሠራላችሁ ልዩነቱ ነው።

ችግር፦ ቫልቭ ውስጥ ነጭ ዱቄት።

ፍሬዎቹ ላልተው እርስ በርስ እየተፋጩ ነው። ዓምዱን እያንቀጠቀጣችሁ ሙሉና በስፕሪንግ አጥብቁ። ሁለተኛ ቀን ላይ የሚዝል ርካሽ ስፕሪንግ አትግዙ።

ችግር፦ ኦክስጅንን ራሱን የሚይዝ የኮባልት ውህድ በየዙሩ ይደክማል።

ራሱ ኦክሳይድ እየሆነ ነው። ማሞቅ አያድነውም።

ችግር፦ ፍሬው ቡናማ ሆነ፣ ዘይት ይሸታል።

ወዲያው አጥፉት። ዘይት ባለበት መስመር ኦክስጅን ሲበዛ እሳት ሊነሳ ይችላል። ፍሬውን ጣሉ፣ መስመሩን አጽዱ፣ ዘይት የሌለው ኮምፕረሰር አስገቡ። የሙከራ መሣሪያ ኦክስጅንንም “ለትንሽ ጊዜ ነው” ብላችሁ ለማንም ሰው እንዳትሰጡ።

ሁሉንም አድርጋችሁ፣ በደረቅ ጋዝ ቀዝቅዞ እንኳን ንጽህናው ካልተመለሰ፣ ያኔ ቁሱን ጠርጥሩ። በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታሉን አደረጃጀት በግራፍ በሚያሳይ ልኬት) አስለኩትና ከመጀመሪያው ቀን ግራፍ ጋር አስተያዩት። የግራፉ ጫፎች (ፒኮች) ከወደቁ ክሪስታሉ ሄዷል፤ ያንን ምርት ጣሉትና አዲስ ሥሩ።