የአየርላንድ ገጠር ጌሊክ እግር ኳስ ክለብ ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

በአየርላንድ ገጠር አንድ የጌሊክ እግር ኳስ (በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የአየርላንድ ባህላዊ ኳስ) ክለብ ብዙውን ጊዜ የሚያቅፈው አንድን የካቶሊክ ቁምስና ነው። ተጫዋቹ ደመወዝ አይከፈለውም፤ የሚሰለፈው ለተወለደበት ቀዬ ነው። ስለዚህ የዋንጫ ዝርዝር ብቻውን የክለብ ታሪክ አይባልም። ማን እንደተሰለፈ፣ ማን እንደተሰደደ፣ ሜዳው የማን መሬት እንደነበር ካልተጻፈ ታሪኩ ገና አልተጀመረም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምሥረታውን ዓመት የምትወስኑት ከሁሉ በኋላ ይሁን። ከፍተኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ጨዋታውን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር የተቋቋመው ኖቬምበር 1 ቀን 1884 በቲፐራሪ ካውንቲ (አውራጃ)፣ ተርልስ ከተማ፣ ሄይስ ሆቴል ውስጥ ነው፤ የእግር ኳሱ ሕግ የታተመው ደግሞ በ1885 መጀመሪያ ነው። እንግዲህ «ክለባችን የ1884 ነው» የሚል ወሬ በጊዜው ጋዜጣ ካልተደገፈ አትቀበሉት። ከዚያም በ1890ና በ1891 በፖለቲካ መሪው በፓርኔል ጉዳይ አገሩ ለሁለት ሲከፈል ማኅበሩም ክፉኛ ተዳከመ፤ ክለቦች ፈረሱ፣ አንዳንዶቹም ኋላ በሌላ ስም ተነሡ። ሁለት ወይም ሦስት የልደት ቀን ካገኛችሁ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትደብቁ፤ ሁሉንም ጻፉ።

ዋናው ምንጭ የካውንቲው ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው። ለካቫን አንግሎ ሴልት፣ ለሜዮ ዌስተርን ፒፕል፣ ለኬሪ ከ1904 ወዲህ ኬሪማን አለ። ብዙዎቹ በዲጂታል ይገኛሉ፤ ግን በክለቡ ስም ብቻ መፈለግ አይበቃም። ያረጀውን ኅትመት ኮምፒዩተሩ አሳስቶ ያነበዋል፤ የቦታ ስምም በእንግሊዝኛና በአይሪሽ በብዙ ዓይነት ይጻፋል። የተጋጣሚውን ስም፣ የዳኛውን ስም፣ የሜዳውን ስም ሞክሩ። ከግጥሚያው በኋላ ያሉትን ሦስትና አራት እትሞችም ገጽ በገጽ አንብቡ፦ የተሸነፈው ቡድን አቤቱታ አቅርቦ የካውንቲው ኮሚቴ ውጤቱን ሽሮት ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ ያሸነፈው ሁልጊዜ ሻምፒዮን አልሆነም።

ለእያንዳንዱ ግጥሚያ በሠንጠረዥ አንድ መስመር ስጡ። የሻምፒዮናው ዓመትና የተጫወቱበት ቀን በተለያየ ዓምድ ይግቡ፤ የ1887 የመላው አየርላንድ ፍጻሜ የተካሄደው ኤፕሪል 29 ቀን 1888 ነበር፤ በክለብ ውድድርም እንዲህ ያለ መዘግየት ያጋጥማል። ደረጃው (ከላይ ወደ ታች ሲኒየር፣ ኢንተርሚዲየት፣ ጁኒየር)፣ ተጋጣሚው፣ ውጤቱ፣ የጋዜጣው ቀንና ገጽ ይከተላሉ።

ውጤት ስትገለብጡ ጎልና ነጥብን (ጎል ከአግዳሚው በታች የገባ፣ ነጥብ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ ኳስ ነው) አትደምሩ፤ እንደተጻፈው 1-2 (1 ጎልና 2 ነጥብ) ብላችሁ አስቀምጡት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ጎል ከየትኛውም የነጥብ ብዛት ይበልጥ ነበር። በ1892 ጎል 5 ነጥብ ሆነ፤ በ1896 ወደ 3 ወረደ። ስለዚህ 1-2 ለ 0-6 የሆነ ግጥሚያ በ1893 ከተካሄደ ባለጎሉ 7 ለ 6 ያሸንፋል፤ በ1900 ከሆነ 5 ለ 6 ይሸነፋል። በዛሬው ስሌት ደምረው የአያቶቻቸውን ድል ሽንፈት አድርገው የሚያትሙ አሉ፤ ይህ በእውነት ያሳዝናል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከጎሉ 40 ሜትር ርቆ ከተሠመረው ቅስት ውጭ ተመትቶ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ ኳስ 2 ነጥብ ስለሚያስገኝ፣ የነጥብ ሪከርድን ከቀድሞው ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ።

ቀን የሌለው ፎቶ ከሆነ ተጫዋቾቹን ቁጠሩ። ቡድኑ እስከ 1892 ድረስ 21፣ ከዚያ 17፣ ከ1913 ወዲህ 15 ሰው ነበር። ተጠባባቂና ኮሚቴ አብሮ ሊቆም ስለሚችል ቁጥሩ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ከጎሉ ግራና ቀኝ ተጨማሪ ቋሚዎች ከታዩ ፎቶው ከ1910 በፊት የተነሣ መሆኑ አይቀርም። ጀርባውንም ስካን አድርጉ፤ ስሙ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ስም የማጥራት ሥራ ከሁሉ ይከብዳል። ጋዜጣው «ጄ. መርፊ» ብሎ ያልፋል፤ በአንድ ጎጥ ግን አራት ጄ. መርፊ ይኖራሉ፤ ሰዉም የሚለያቸው በአባት ስም ወይም በቅጽል ነው። የ1901ና የ1911 የሕዝብ ቆጠራ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት በነፃ ይታያል፤ ስሙን ከጎጡ ጋር አመሳክሩ። ዕድሜውን ግን አትመኑ፤ የአረጋውያን ጡረታ በ1909 መከፈል ከጀመረ በኋላ ብዙ ሰው ጡረታውን ለማግኘት ሲል በ1911 ከ1901ዱ ቆጠራ ከዐሥር ዓመት በላይ አርጅቶ ተመዝግቧል። እስከ 1971 ድረስ ሶከር (የተለመደውን እግር ኳስ) ወይም ራግቢ የተጫወተ አባል ይታገድ ስለነበር፣ በሐሰት ስም የተጫወቱም አሉ። ከሁለት ሰዎች የቱ እንደሆነ ካልታወቀ ሁለቱንም ጥቀሱ።

ሽማግሌዎችን በመጀመሪያ ለየብቻ አነጋግሩ፤ አብረው ሲቀመጡ ድምፁ የጎላው የሌላውን ትዝታ ይውጠዋል። «እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። የቡድን ፎቶ ይዛችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ስሙን፣ የተሰለፈበትን ቦታ፣ ኋላ የት እንደሄደ ጠይቁ። በ1950ዎቹ ለንደንና ኒው ዮርክ የተሰደዱት ቤተሰቦች አገር ቤት የጠፋ ፎቶና ደብዳቤ ይዘው ይገኛሉ። የሴቶች ጌሊክ እግር ኳስ ማኅበር በ1974 ለብቻው የተቋቋመ ስለሆነ ቃለ ጉባኤውን ከወንዶቹ መዝገብ አትጠብቁት፤ የቀድሞ ጸሐፊዎቹን ቤት አንኳኩ። የሜዳውን ግዢ ለማረጋገጥ ደግሞ የመሬት ምዝገባውን ፎሊዮ (የባለቤትነት መዝገብ ገጽ) አውጡ።

ባዶ የሆኑ ዓመታትን አትዝለሉ። ከኖቬምበር 21 ቀን 1920 የክሮክ ፓርክ ግድያ (የብሪታንያ ኃይሎች በደብሊን ስታዲየም ግጥሚያ ላይ በሕዝቡ ላይ የተኮሱበት) በፊትና በኋላ ባሉት የጦርነት ዓመታት፣ ውጤት የጠፋው ግጥሚያ ስላልነበረ ነው ወይስ ጋዜጣው ስላልዘገበ? ለይታችሁ ጻፉ።

ከኅትመት በፊት የፎቶዎቹን የስም ዝርዝር ብቻ ለይታችሁ አትሙና ቢያንስ ለሦስት ቤተሰቦች አስነብቡ፤ ከስሕተቶች ሁሉ የሚያስቀይመው የተሳሳተ ስም ነው። መጽሐፉ ሲወጣ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ቅጂ ለአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ማስገባት የሕግ ግዴታ ነው። የቃለ መጠይቁን ድምፅና ሠንጠረዡን ደግሞ በሁለት የተለያዩ ቤቶች አስቀምጡ።