ትልቅ ውሻ በደብል ጋቢና ፒክአፕ የኋላ ወንበር

ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ ስንጓዝ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ውሻዬ ተንሸራትቶ ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ ካለው ክፍተት ይወድቅ ነበር። 45 ኪሎ ስለሆነ ከዚያ መውጣት ይከብደዋል፤ ሲያቃስት መስማት አንጀት ይበላል።

ብርድ ልብስ አነጠፍኩ፤ አብሮት ተንሸራተተ። ክፍተቱን በስፖንጅ ሞላሁት፤ በሁለተኛው ቀን ሰመጠ።

የሠራልኝ ኮምፔንሳቶ ነው። ባለ 18 ሚሊ ሜትር አስቆርጬ መቀመጫውንም ክፍተቱንም እንዲሸፍን አደረግኩ፤ በክፍተቱ በኩል ሁለት የእንጨት እግሮች አስመታሁ። እግሮቹን ከመቀመጫው ከፍታ ሁለት ሴንቲ ሜትር አሳጥሯቸው፤ ውሻው ሲተኛ መቀመጫው ስለሚረግብ ሰሌዳው የሚስተካከለው ያኔ ነው። ላዩን ሸካራ የጎማ ምንጣፍ በማስቲሽ ለጠፍኩበት።

የወንበሩን ቀበቶ በደረት ማሰሪያው ውስጥ አሳልፌ እቆልፈዋለሁ። በአንገት ማሰሪያ ፈጽሞ አትሰሩት፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ያንቀዋል።

ትናንት ሻሸመኔ እስክንደርስ አገጩን መስኮቱ ሥር አስደግፎ ተኛ።