ታትሞ የወጣ ኢንኮኔል እሳት ላይ እንዳይለጠጥ

በሌዘር የታተመ ኢንኮኔል 718 የሚባል የኒኬል ቅይጥ በክፍል ሙቀት ሲጎተት ያኮራል። 650 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ጭነት ሰቅላችሁ ስትተዉት ግን ጠባዩ ይገለበጣል። ቀስ እያለ ይለጠጣል፤ ክሪፕ የሚባለው ይህ ነው።

የመጀመሪያ ናሙናዎቼን በሙቀት ያከምኳቸው ተቀጥቅጦ ለተሠራ 718 በተጻፈው አሠራር ነበር፦ 980 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት፣ ከዚያ 720 እና 620 ላይ ስምንት ስምንት ሰዓት። ገና ብዙም ሳይለጠጡ ቀጭ አሉ። እኔም ማሽኑን ጠርጥሬ የሌዘሩን ኃይል ስነካካ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ማሽኑ ምንም አላጠፋም።

ቀልጦ በቅጽበት የሚረጋ ብረት ውስጥ ከቅይጡ ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ናዮቢየም እኩል አይሰራጭም፤ እዚህም እዚያም ይከማቻል። 980 ላይ ስታቆዩት የተከማቸው ናዮቢየም ዴልታ የሚባሉ መርፌ መሳይ ዝቃጮችን ያወጣል። ስንጥቅ እነሱን ተከትሎ ይሄዳል። ለማጠንከሪያ የሚፈለገው ናዮቢየምም እዚያው ታስሮ ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የተከማቸውን በትኑት። የታተመው ክፍል ከማተሚያ ሰሌዳው ሳይቆረጥ 1065 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት ተኩል አቆዩት፤ የታመቀው ውጥረት ይለቃል። ቆርጣችሁ ስታበቁ ወደ ሂፕ ምድጃ፣ ማለትም በሙቀትና በጋዝ ግፊት ወደሚያምቀው ምድጃ፣ አስገቡት፦ 1160 ዲግሪ አካባቢ፣ 100 ሜጋፓስካል የአርጎን ግፊት፣ 4 ሰዓት። ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ናዮቢየሙ ይሰራጫል፣ ግሬይኖቹም (ብረቱ የተሠራባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች) ያድጋሉ። ላይ ድረስ የሚወጣ ቀዳዳ ግን አይደፈንም፤ ጋዙ ገብቶ ይሞላዋል። ምድጃው ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዝ ከሆነ 1065 ላይ እንደገና አሙቁና በፍጥነት አቀዝቅዙ። የ720 እና የ620ው ማጠንከሪያ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ትልቅ ግሬይን የሚያስፈራችሁ ካላችሁ እውነት አላችሁ፤ ለድካም ጥንካሬ፣ ማለትም ተደጋጋሚ ጭነትን ለመቋቋም፣ ደቃቁ ይሻላል። በከፍተኛ ሙቀት ግን የግሬይን ድንበር ደካማው ቦታ ነው፤ አተሞች በእሱ በኩል ይሾልካሉ። ድንበር ሲያንስ ክሪፕም ይቀንሳል። በ2022 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ሌላ የኒኬል ቅይጥ የሆነውን የታተመ ኢንኮኔል 738 በ1235 ዲግሪ ጠባብ የሙቀት ቀጠና ውስጥ በሰዓት 2.5 ሚሊሜትር እያሳለፉ ረጃጅም ግሬይኖች አሳድገውበታል። ትዕግሥት ይጠይቃል!

ስታትሙም ጭነቱ የሚጎትትበትን አቅጣጫ ወደ ላይ አቁሙት፤ ግሬይኖቹ ቆመው ስለሚያድጉ ጭነቱን የሚያቋርጠው ድንበር ያንሳል። ከ650 በላይ ለረጅም ጊዜ ለሚሠራ ክፍል ደግሞ 718ን እርሱት፤ ብረቱን የሚያጠነክረው ዝቃጭ ራሱ ወደ ዴልታ ይለወጣል።

እኔ አሁን ጭነት ከመስቀሌ በፊት አብሮ የታከመ አንድ ቁራጭ ቆርጬ፣ አለስልሼ፣ በአሲድ ነክሬ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። መርፌዎቹ ካሉ ሙከራውን አልጀምረውም።