አውትፊልደሩ ነው ወይስ ቁጥሩ? የመከላከል ስታቲስቲክስ ሲያወዛግብ የሚደረግ ፍተሻ

ቤዝቦል ውስጥ መቺን መለካት ብዙም አያስቸግርም። መታ ወይ አልመታም፣ ቤዝ (ሯጩ ተራ በተራ የሚደርስባቸው ማረፊያዎች) ደረሰ ወይ አልደረሰም። አውትፊልደር ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። አውትፊልደር የምንላቸው በሜዳው ጀርባ ግራ፣ መሀልና ቀኝ ቆመው በአየር የሚመጣውን ኳስ የሚያሳድዱትን ሦስት ሰዎች ነው። ሥራቸው ኳስ መሬት እንዳይነካ ማድረግ ነው። አንድ ኳስ ሲወድቅ ታዲያ ሌላ ሰው ቢኖር ይይዘው ነበር ወይ? ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከዚህች ጥያቄ ነው።

አንዱ «ቁጥር አይዋሽም» ይላል። ሌላው «በዓይኔ ያየሁትን ማንም አይነግረኝም» ይላል። በኔ እምነት ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው፤ የሚያሳስቱን የማይመልሱትን ጥያቄ ስንጠይቃቸው ነው።

ወደ ፍተሻው ከመግባታችን በፊት ስሞቹን እንለይ። ዲአርኤስ ተጫዋቹ ከአማካይ ተጫዋች አንጻር ለቡድኑ ስንት ነጥብ እንዳዳነ ይቆጥራል (ዜሮ ማለት አማካይ ነው)፤ መረጃው ከ2003 ጀምሮ ያለ ሲሆን ሰዎች ቪዲዮ እያዩ በሚመዘግቡት ላይ ይመሠረታል። ዩዜድአር የሚቸል ሊክትማን ሥራ ነው፤ እሱም በነጥብ ይቆጥራል። ኦኤኤ ደግሞ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል የራሱ መለኪያ ነው። ለአውትፊልደሮች ከ2016 ጀምሮ አለ። ስታዲየም ውስጥ የተተከሉት የስታትካስት መሣሪያዎች ኳሷንና ሯጩን ይከታተላሉ፣ ኦኤኤ ከዚያ ይሰላል። የሚቆጥረው ነጥብ ሳይሆን አውት (መቺን ወይም ሯጭን ከጨዋታ ማስወጣት) ነው።

ምልክት፦ ስህተት የለበትም፣ ግን ደካማ ይሉታል

ይሄ የቆየ በሽታ ነው። ተጫዋቹ ዓመቱን ሙሉ የተጻፈበት ኤረር አንድ ወይ ሁለት ብቻ ነው። የፊልዲንግ ፐርሰንቴጁ፣ ማለትም ከነካቸው ኳሶች ያለ ኤረር የጨረሳቸው ድርሻ፣ ያምራል። ቡድኑን የሚከታተሉ ሰዎች ግን ኳስ ወደሱ ሲሄድ ልባቸው ይመታል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤረር የሚጻፈው በተለመደ ጥረት ሊያዝ የሚገባው ኳስ ሲበላሽ ነው። የሚወስነውም እዚያው ስታዲየም የተቀመጠ አንድ መዝጋቢ ነው። ኳስ ጋር ያልደረሰ ሰው ደግሞ ኳስ አያበላሽም። ቀርፋፋው ተጫዋች አምስት ሜትር ፊቱ ታርፍለትና ነጥራ ስትደርሰው ተረጋግቶ ይወረውራታል። መዝገቡ ላይ ለመቺው ሂት (የተሳካ ምት) ይጻፋል፤ እሱ ንጹሕ ነው። ፈጣኑ ያችኑ ኳስ ሮጦ ደርሶባት ከጓንቱ ብታመልጥ ግን ኤረር ሊጻፍበት ይችላል። የሮጠው ተቀጣ፣ ያልሮጠው ተመሰገነ።

መፍትሄ፦ ለአውትፊልደር ፊልዲንግ ፐርሰንቴጅ የሚባለውን ነገር ተዉት። ማሟያ አድርጎ መያዝም አያስፈልግም።

ምልክት፦ አምና ጀግና፣ ዘንድሮ ከአማካይ በታች

ብዙ ሰው በነዚህ ቁጥሮች ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ማይክ ትራውትን እንውሰድ። በ2012፣ በጀማሪነት ዓመቱ፣ ዲአርኤስ ከሊጉ ምርጥ አውትፊልደሮች ተርታ አሰለፈው። በ2013 ያው መለኪያ ከዜሮ በታች አወረደው። በዚያው በ2013 ትራውት 33 ቤዝ ሰርቋል፤ ማለትም ኳስ ሳይመታ በሩጫ ወደ ቀጣዩ ቤዝ አልፏል። እግሩ ከዳው ማለት ይከብዳል።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ወደ አንድ አውትፊልደር ከሚመጡት ኳሶች አብዛኞቹ ምንም አይነግሩንም። ወይ የትኛውም ባለሙያ የሚይዛቸው ናቸው፣ ወይ ማንም የማይደርስባቸው። ጎበዙን ከደካማው የሚለዩት መሀል ላይ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። መቺ በዓመት ወደ 600 ጊዜ ይፈተናል። አውትፊልደር እውነተኛ ፈተና የሚገጥመው ከዚያ በጣም ባነሰ ቁጥር ነው።

በሒሳብ እንየው። አንድ ተጫዋች በዓመት 40 አስቸጋሪ ኳሶች መጡበት እንበል፤ እያንዳንዱን የመያዝ ዕድሉ ደግሞ ግማሽ በግማሽ ነው። በአማካይ 20 ይይዛል። ችሎታው ቅንጣት ሳይለወጥ፣ በዕድል ብቻ፣ አንዱን ዓመት 17 ሌላውን ዓመት 23 ቢይዝ ምንም አይገርምም። 14 እና 26 ድረስም ሊሄድ ይችላል። ስታትካስት ለአውትፊልደር አንድን አውት 0.9 ነጥብ ገደማ ያወጣለታል። ስለዚህ በ14 እና በ26 መሀል ያለው ልዩነት ወደ 11 ነጥብ ይጠጋል። በቤዝቦል ስሌት 10 ነጥብ በግምት አንድ ድል ነው። ያው ሰው፣ ያው እግር፣ ግን ወረቀቱ ላይ ከአንድ ድል በላይ ልዩነት።

ሌላም አለ። ትራውት በ2012 ከግድግዳው በላይ ተንጠልጥሎ ሆም ራን (ግድግዳውን አልፋ ነጥብ የምትሆን ምት) የነጠቀባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ባልቲሞር ውስጥ የጄ.ጄ. ሃርዲን ኳስ የያዘበትን ያየ አይረሳውም። ዲአርኤስ ለእንዲህ ዓይነቱ ለብቻው ነጥብ ይሰጣል፤ ተገቢም ነው። ግን እንዲህ ያለ ኳስ በየዓመቱ እኩል አይመጣም። ኳሷ ሁለት ሜትር ዘልቃ ብትወድቅ ምን ያደርጋል?

መፍትሄ፦ የአንድ ዓመት ቁጥር እንደ ወረደ አትውሰዱ። ዩዜድአርን ለማንበብ የተለመደው ምክር ሦስት ዓመት ደምሮ ማየት ነው። ሦስት ዓመት ከሌላችሁ ቁጥሩን ወደ ዜሮ ሳብ አድርጉት። +20 ካያችሁ «ጎበዝ ነው፤ +10 አካባቢ ሳይሆን አይቀርም» በሉ። ከጎኑ ደግሞ ቶሎ የሚረጋ ነገር ፈልጉ። የሩጫ ፍጥነት አንዱ ነው፤ የሊጉ አማካይ በሰከንድ 27 ጫማ፣ የፈጣኖቹ 30 ጫማ ነው። ፍጥነቱ ሳይቀንስ ኦኤኤው ከመሬት ተነስቶ ከወደቀ፣ ዕድልን ጠርጥሩ። ፍጥነቱም አብሮ ከወረደ ግን ዕድሜ መጥቷል።

ምልክት፦ ሁለቱ መለኪያዎች አራምባና ቆቦ ናቸው

አንዱ ገጽ ላይ ተጫዋቹ +12 ነው፣ ሌላው ላይ −1። አንዱ ይዋሻል ማለት ነው? የግድ አይደለም።

መጀመሪያ ምን እንደሚቆጥሩ እዩ። አንዱ አውት ነው፣ ሌላው ነጥብ። ቀጥሎ ከየት እንደሚጀምሩ ጠይቁ። ኦኤኤ ኳሷ ስትመታ ተጫዋቹ ቆሞበት ከነበረው ቦታ ይነሳል። ስንት ርቀት መሄድ ነበረበት? ስንት ሰከንድ ነበረው? ወደ ኋላ ነው የሮጠው? ግድግዳ አጠገብ ነበር? ከዚህ ተነስቶ ኳሷ የመያዝ ዕድሏን በመቶኛ ያወጣል። የእግር ኳሱን ኤክስጂ የምታውቁ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። 90 በመቶ የምትያዝ ኳስ ከያዘ 0.10 ብቻ ያገኛል፤ ከሳታት 0.90 ይቀነስበታል። 25 በመቶዋን ከያዘ 0.75 ያገኛል፤ ካመለጠችው የሚቀነስበት 0.25 ብቻ ነው።

ዲአርኤስና ዩዜድአር ለአውትፊልደር በዋናነት የሚያዩት ኳሷ የት እንደሄደችና እንዴት እንደተመታች ነው። ተጫዋቹ በትክክለኛው ቦታ ቆሞ ስለጠበቃት ብቻ የተያዘች ኳስ እነሱ ጋ ታስመሰግነዋለች። ኦኤኤ ጋ ቀላል ኳስ ትሆናለች። ቦታ መምረጥ የተጫዋቹ ችሎታ ነው ወይስ ቡድኑ በወረቀት ጽፎ ኮፍያው ውስጥ የሚያስገባለት? ዛሬ ዛሬ አውትፊልደሮች በጨዋታ መሀል ካርድ አውጥተው ሲያነቡ ታያላችሁ። ለኔ ይህ ወደ ኦኤኤ ያደላኛል። የቆየ ተጫዋች ስናነሳ ግን ክርክሩ ክፍት ነው፤ ያኔ ብዙው በራሱ ጭንቅላት ነበር።

ልዩነቱ ሁልጊዜ አሳሳቢ እንዳይመስላችሁ ደግሞ የኬቨን ኪየርማየርን 2015 እዩ። ዲአርኤስ 42 ሰጠው። ዩዜድአር ወደ 30 ሰጠው። የ12 ነጥብ ልዩነት ትልቅ ነው። ሆኖም ሁለቱም አንደኛ ነው ይላሉ፤ የሚጣሉት ምን ያህል አንደኛ እንደሆነ ላይ ነው።

መፍትሄ፦ ጠቅላላ ድምሩን ትታችሁ ክፍሎቹን ክፈቱ። ኳስ ላይ መድረስ ለብቻ፣ ክንድ ለብቻ፣ ሆም ራን መንጠቅ ለብቻ። ብዙ ጊዜ ጠቡ አንዱ ክፍል ውስጥ ተደብቆ ታገኙታላችሁ። «ዋር» የሚባለው ጠቅላላ መለኪያ ቤዝቦል ሪፈረንስና ፋንግራፍስ በሚባሉት የስታቲስቲክስ ድረ ገጾች ላይ የሚለያየውም በከፊል ከዚሁ የተነሳ ነው። የመጀመሪያው ዲአርኤስን ይወስዳል፣ ሁለተኛው ለቅርብ ዓመታት የስታትካስትን።

ምልክት፦ ክንደ ብርቱው ጥቂት ሯጭ ነው የሚያስወጣው

አውትፊልደር ወርውሮ ሯጭ ሲያስወጣ አሲስት ይጻፍለታል። የሰውየው ክንድ መድፍ ነው ይባላል፣ አሲስቱ ግን አራት ነው።

ሯጮች ቂል አይደሉም። ክንዱን ስለሚያውቁ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ይቆማሉ። የቆመ ሯጭ ደግሞ አሲስት አይሆንም። በተቃራኒው ደካማ ክንድ ያለው ሰው ሁሉም ስለሚሮጥበት ብዙ አሲስት ሊሰበስብ ይችላል። ሮቤርቶ ክሌሜንቴ በ1961 ብቻ 27፣ በሙያ ዘመኑ 266 አሲስት ማስመዝገቡ ለዚህ ነው የሚገርመው። ማንነቱ እየታወቀ ይሮጡበት ነበር።

መፍትሄ፦ አሲስትን ለብቻው አትቁጠሩ። ያልሮጡትንም የሚቆጥር የክንድ ነጥብ ፈልጉ፤ ዲአርኤስም ስታትካስትም አላቸው።

ምልክት፦ ስታዲየሙ ተጫዋቹን አበላሸው

ቦስተን፣ ፌንዌይ ፓርክ፣ ግራ ሜዳ። ግድግዳው ከመቺው 94 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከፍታው ከ11 ሜትር በላይ ነው። ሌላ ስታዲየም ቢሆን በቀላሉ የምትያዝ ኳስ እዚህ ከተጫዋቹ ራስ በላይ ግድግዳውን መትታ ትመለሳለች። ሜዳውን በዞን ከፍለው የሚቆጥሩ መለኪያዎች ከዚህ ግድግዳ ጋር ሲታገሉ ነው የኖሩት። ማኒ ራሚሬዝ ከ2001 እስከ 2008 እዚያ ቆመ። ጥሩ ተከላካይ ነበር የሚል ሰው አላውቅም። ጥያቄው ምን ያህል መጥፎ ነበር የሚለው ነው፤ ግድግዳው የድርሻውን ካልወሰደ መልሱ ይጋነናል። (በ2004 ማኒ ከመሀል ሜዳው ከጆኒ ዴመን የተወረወረችውን ኳስ መንገድ ላይ ተወርውሮ ቀለባት። የገዛ ጓደኛውን ውርወራ! ለዚህ የሚሆን መለኪያ እስካሁን አልተፈጠረም።)

ዴንቨር ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ከተማዋ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኳስ ይርቃል፣ ሜዳውም ለዚያ ሲባል ሰፊ ተደርጓል።

መፍትሄ፦ ተጫዋቹ ስታዲየም ሲቀይር ቁጥሩ አብሮ ተገለበጠ ወይ ብላችሁ እዩ። ለፌንዌይ ግራ ሜዳ ግድግዳን ለይቶ የሚያውቀውን ኦኤኤ አስቀድሙ።

ምልክት፦ ቁጥሩ ደካማ ይለዋል፣ እኔ ግን ተወርውሮ ሲይዝ አይቻለሁ

በቴሌቪዥን የምናየው ወርዋሪውንና መቺውን ነው። ካሜራው ወደ ኋላ ሜዳ የሚዞረው ኳሷ ከተመታች በኋላ ነው። ተጫዋቹ የት ቆሞ እንደነበር፣ መቼ መሮጥ እንደጀመረ አላየንም። የምናየው መጨረሻውን፣ በደረቱ ሣሩ ላይ ሲንሸራተት ነው። ዘግይቶ የተነሳ ሰው ይወረወራል። ቶሎ የተነሳው ቆሞ ይይዛታል፣ ማንም አያጨበጭብለትም።

ዓይናችሁ ግን ዋጋ የለውም አላልኩም። ስታዲየም ከገባችሁ ኳሷን ትታችሁ የአውትፊልደሩን የመጀመሪያ እርምጃ ተመልከቱ። ስታትካስትም ይህንኑ ይለካል፦ በመጀመሪያው 1.5 ሰከንድ ምን ያህል ተጓዘ፣ በቀጣዩ 1.5 ሰከንድ ምን ያህል ፈጠነ፣ መንገዱስ ቀጥተኛ ነበር ወይ። ዓይናችሁና ይህ ቁጥር ከተስማሙ በድፍረት ተከራከሩ።

ሽልማትም የዓይን ፍርድ ነው። ለምርጥ ተከላካዮች የሚሰጠው የጎልድ ግላቭ ድምፅ የአሰልጣኞች ነበር፤ ከ2013 ወዲህ ሩብ ያህሉ ከስታቲስቲክስ ይመጣል። ከ1961 እስከ 2010 ደግሞ ለአውትፊልደሮች ግራ ቀኝ ተብሎ አይለይም ነበር። በዚህ የተነሳ ብዙ ጎበዝ ግራ ሜዳ ተጫዋች ባዶ እጁን ቀርቷል።

ምልክት፦ የግራ ሜዳው +8፣ የመሀሉ 0፤ የትኛው ይሻላል?

ዲአርኤስና ዩዜድአር ተጫዋቹን ከራሱ ቦታ ሰዎች ጋር ነው የሚያወዳድሩት። መሀል ሜዳ የሚቆሙት የተመረጡ ሯጮች ስለሆኑ እዚያ ዜሮ መሆን ከባድ ነው። ፋንግራፍስ ለመሀል ሜዳ በዓመት 2.5 ነጥብ ይጨምራል፣ ከግራና ከቀኝ 7.5 ይቀንሳል። የ10 ነጥብ ልዩነት ነው። ስለዚህ መሀለኛው ይበልጣል፣ በትንሽ።

ምልክት፦ የድሮ ተጫዋች ቁጥር አላገኘሁም፣ ወይም አላመንኩትም

ዊሊ ሜይስ በ1954 የሊጉ ፍጻሜ (ወርልድ ሲሪስ) ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የቪክ ዌርትዝን ኳስ ሲይዝ የለካው መሣሪያ አልነበረም። ከ2003 በፊት ላሉት ቤዝቦል ሪፈረንስ የሚጠቀመው ቶታል ዞን ከጨዋታ መዝገብ የተገመተ ነው። እንደ አንድሩ ጆንስ ያለ 10 ጎልድ ግላቭ የወሰደ ሰው በቁጥሩም ሲደነቅ ማስረጃዎቹ ይደጋገፋሉ። ሁለቱ ሲጣሉ ግን የቶታል ዞንን ነጥብ እስከ አንድ አሃዝ ድረስ እየጠቀሱ መከራከር ውሃ አያነሳም። «ከ10 እስከ 20 መሀል» ብላችሁ ጻፉና ወደ መምታት ችሎታው እለፉ።