እንጀራ በእንጨት የምትጋግሩ ሰዓቱን ገፋ አድርጉት
ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ምጣድ ጥዳችሁ ጭሱ ግቢው ላይ ተኝቶ አልሄድ እያለ የጎረቤት ልብስ ሁሉ ጭስ ጭስ የሚሸትባችሁ፣ በተለይ ከህዳር እስከ ጥር፣ ጋገራውን ወደ 5 ሰዓት ግፉት። ሌሊት መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ታች ይቀራል፣ ሞቅ ያለው ከላይ እንደ አክንባሎ ይገጥምበታል፣ ጭሱ መውጫ ያጣል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ግን አየሩ ወደ ላይ ሲነሳ ጭሱንም ይዞት ይሄዳል። እርጥብ የባህር ዛፍ ቅጠልማ ባትማግዱ ይሻላል፣ እሳቱ ውሃውን ሲያደርቅ ነው የሚውለው፣ ጭራሮውን ቀድማችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ቤት ውስጥ ለምትጋግሩ ግን ሰዓት መቀየር ብቻውን አያድናችሁም፣ ጭሱ መጀመሪያ የሚገባው እናንተ ሳንባ ውስጥ ነው፣ በርና መስኮት ክፈቱ።