አሮጌ ጊታር ስታድሱ ተዉ የምላችሁ ነገሮች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጠግን ሰው የሥራው ግማሽ ሌላ ሰው ያበላሸውን ማቃናት ነው። በተለይ ከጥቅምት በኋላ። ብርዱና ድርቀቱ ሲገባ "ጊታሬ ተጣመመ" ባዩ ይበዛል። አብዛኛው ግን የሚመጣው ብሩጎላ ይዞ ከታገለው በኋላ ነው።

ቀለሙን አትፋቁ። ኧረ ስንቴ ልናገር! አንድ ልጅ ከአጎቱ የወረሰውን የጃፓን ጊታር ይዞልኝ መጣ። ለካ ጋራዥ ወስዶ በብርጭቆ ወረቀት አስፍቆ፣ ስቱኮ አስመርጎ፣ ቀይ የመኪና ቀለም አስረጭቶታል። ማብለጭለጩስ ያብለጨልጫል። ግን አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥም ቀለም ተጋግሯል። አንገቱ ጠልቆ ስላልተቀመጠ ብሎኑ ሲጠብቅ ወደ ጎን ዘመም ይላል። ቀጭኗ ክር ደግሞ ከፍሬቱ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከለው ቀጭን ብረት፣ ጠርዝ ላይ እየተንሸራተተች ትወድቃለች። እሱስ ይስተካከላል። ያበሳጨኝ የአንገቱ ጀርባም መፋቁ ነው። እዚያ ላይ የአጎቱ አውራ ጣት ለዓመታት ያለሰለሰው ቦታ ነበር። ጊታሪስት መሣሪያውን በጨለማ እንኳ የሚለየው በዚያች ቦታ ነው። እንጨት አንዴ ከሳሳ ደግሞ ማንም አይመልሰውም። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ ይቀባው የነበረው ናይትሮ ላከር ስስ ነው፤ በጊዜ ብዛት ይሰነጣጠቃል፣ ይወይባል። ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ የሚያወጡት ለዚያው ለተሰነጣጠቀው ነው። ጊታሩ ከቆሸሸ በመጠኑ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ወልውሉት፣ አለቀ።

ሳትጫወቱበት አትፍቱት። አዲስ ክር አስሩና ትዝታ ቀስ አድርጋችሁ ተጫወቱበት። ክሩን ገፋ ስታደርጉት ድምፁ እልም ካለ፣ ከፊቱ ያለ አንድ ፍሬት ከፍ ብሎ እየነካው ነው። ችግሩ እዚያች ቦታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ብሎ ፍሬቱን ሁሉ መንቀል ምን የሚሉት ነው?

ከሸዋ ሮቢት ቆላ ያመጣችሁትን ጊታር፣ ጣርማበርን ወጥታችሁ ቤት እንደገባችሁ አንገቱን ለማቅናት አትቸኩሉ። በሳጥኑ እንደተዘጋ ይደር። ናይትሮ ላከር ድንገተኛ የሙቀትና የብርድ ለውጥ አይወድም። በማግስቱ ቃኙትና እዩት። አንገት ውስጥ ያለውን ብረት፣ ትረስ ሮድ የምንለውን፣ ማዞር ካስፈለገ ከሩብ ዙር አትለፉ። ከዚያ እንደገና መቃኘት፣ መጠበቅ። እምቢ ካለ አቁሙ፤ ከተበጠሰ ፍሬቶቹ የተተከሉበትን ሰሌዳ እስከ መንቀል ያደርሳል። የፍሬት ጫፍ እጃችሁን ሲቧጭራችሁም ፍሬቱ አላደገም፣ እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቦ ነው።

አናጢ ዘንድ ሄዳችሁ ጊታር የምታሠሩ ልጆች ደስ ትሉኛላችሁ። ዋንዛ ቆንጆ እንጨት ነው፤ ከበሮም ይሠራበታል። ግን በደንብ ይድረቅ። ፍሬት ደግሞ በዓይን አይተከልም። ስትራቶካስተር የሚባለው የፌንደር ጊታር የክር ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለ17.817 ስታካፍሉት 36.4 ገደማ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ፣ ማለትም አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት ቁራጭ፣ በዚያ ርቀት ይተከላል። ከቀሪው ርዝመት ላይ እንደገና ማካፈል፣ እንዲህ እያላችሁ መቀጠል ነው። 12ኛው ላይ ስትደርሱ 324፣ ማለትም ልክ ግማሹ፣ ካልመጣ ስሌቱ ተሳስቷል። በአናጢ ሜትር በግምት የተሠራ አንድ የሚያምር የዋንዛ ጊታር አይቻለሁ። ባዶ ክሩ ልክ ነው፤ አምስተኛው ፍሬት ላይ ኮርድ ስትይዙ ግን ጆሮ ያሳክካል። አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

የቮልዩም ፖት፣ ማለትም ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውን፣ ስትቀይሩ የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ፒካፕ ባለ አንድ ጥቅል (ሲንግል ኮይል) ከሆነ 250፣ ባለ ሁለት ጥቅል (ሃምበከር) ከሆነ 500 ኪሎ ኦም የተለመደው ነው። ቢቀያየር አይቃጠልም፣ ድምፁ ይደፈናል ወይም ይሾላል።

የጃፓን አምፕሊፋየር 100 ቮልት፣ የአሜሪካው 120 ነው። የኛ ሶኬት 220። ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

እዝዝ የሚል ድምፅ ለማጥፋት ብላችሁ የአምፕሊፋየሩን የመሬት ሽቦ እንዳትቆርጡ! ጊታር ይዞ ማይክ ላይ ከንፈሩን ያስጠጋን ሰው መብራት ሊገድለው ይችላል። ይልቅ ክሩን በእጃችሁ ንኩ። ጩኸቱ ከቀነሰ የጊታሩ ሽቦ ደህና ነው። ካልቀነሰ ብሪጁ፣ ማለትም ክሩ አካሉ ላይ የሚያርፍበት ብረት፣ ሥር ያለችው ቀጭን ሽቦ ተላቃ ይሆናል፤ ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉና በስታኞ መልሳችሁ አጣብቋት።